ያረጀ ላፕቶፕን ከነሶፍትዌሩ ማደስ፦ ከምርመራ እስከ አዲስ ሲስተም

ላፕቶፑ ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ብሮውዘር ሲከፈት ፋኑ ይጮኻል። ሁለት ሥራ አንድ ላይ ሲሰጠው ደግሞ ቀጥ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ «በቃ፣ ይኼ አልቆለታል» ብሎ አዲስ ለመግዛት ይነሳል። እኔ ግን ቆይ እላለሁ። ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ አይደለም። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሃርድ ዲስኩ ነው። ቀጥሎ ራሙ (ሥራ ላይ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዘው ሜሞሪ)፣ ከዚያ ውስጡ የተጠራቀመው አቧራ፣ በመጨረሻም ለዓመታት የተደራረበው ሶፍትዌር። አራቱም በእጃችሁ የሚስተካከሉ ናቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ሳይመረምር ዕቃ ሲገዛ ነው።

1. መጀመሪያ ምርመራ

ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ፐርፎርማንስ» ወደሚለው ገጽ ግቡና ላፕቶፑን እንደ ወትሮው ተጠቀሙበት። ብሮውዘር ክፈቱ፣ ሰነድ ክፈቱ፣ የተለመደውን ሥራችሁን ሥሩ። ቁጥሮቹን ግን አይናችሁ እንዳይለቃቸው።

ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ፣ የንባብ ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ወይም 2 ሜጋባይት ብቻ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩም በዚያው ሰዓት ሥራ ፈቶ ከተቀመጠ፣ ጉዳዩ ተፈታ ማለት ይቻላል። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሰሃንና ወዲያ ወዲህ የሚል ክንድ አለ። ሲስተሙ (እንደ ዊንዶውስ ያለው ዋናው ሶፍትዌር) ደግሞ በየቦታው የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ይጠይቃል። ክንዱ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መንቀሳቀስ ስላለበት በሰከንድ መቶ ገደማ ጥያቄ ቢመልስ ነው። በሃርድ ዲስክ ፋንታ የሚገጠመው ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ውስጥ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን ይመልሳል። ላፕቶፑን ሌላ ማሽን የሚያስመስለው ይኼ ልዩነት ነው። በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ትልቁ የሜጋባይት ቁጥር ከዚህ ያነሰ ትርጉም አለው።

ሜሞሪው በተለመደው ሥራችሁ ላይ ከ85 ፐርሰንት በላይ ከወጣ ራም አንሷል። እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ራም ሲሞላ ሲስተሙ የተረፈውን ወደ ዲስክ ይገፋዋል። ስለዚህ የራም እጥረት የዲስክ ችግር መስሎ ሊታይ ይችላል። ለመለየት ላፕቶፑን አጥፍታችሁ አስነሱት፣ ምንም ሳትከፍቱ ጥቂት ጠብቁ፣ ከዚያ እዩ። ራሙ ግማሽ ያህሉ ባዶ ሆኖ ዲስኩ አሁንም 100 ላይ ከቀረ ጥፋተኛው ዲስኩ ነው።

እዚያው የሜሞሪ ገጽ ላይ ስንት የራም ቦታ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይጻፋል። ቅርጹ «ሶዲም» ከሆነ ራሙ ይነቀላል፣ ይቀየራል። «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ካለ ግን ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ተበይዷል ማለት ነው።

ቀጥሎ የዲስኩን ጤና እዩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም «ጉድ»፣ «ኮሽን» ወይም «ባድ» ብሎ ይነግራችኋል። «ኮሽን» ካለ ይህን ጽሑፍ አቁማችሁ ዛሬውኑ ፋይላችሁን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። የተበላሹ ሴክተሮች መቁጠር የጀመረ ዲስክ መቼ እንደሚሞት አይናገርም።

ሙቀቱንም ኤችደብሊው ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም መከታተል ይቻላል። ቀላል ሥራ ላይ ሳለ 90 ዲግሪ ሴልሺየስን የሚነካ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን እየቀነሰ ሊሆን ይችላል። አቧራውን ሳታጸዱ ዲስክ ብትቀይሩም ግማሽ ሥራ ነው።

በመጨረሻ ላፕቶፑን ገልብጡና ከስር ያለውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ጻፉ። ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ለብዙ ሞዴሎቻቸው የጥገና መመሪያ በድረ ገጻቸው ላይ በነፃ ያስቀምጣሉ። የትኛው ብሎን የት እንዳለ፣ ስንት ራም እንደሚቀበል፣ ምን ዓይነት ዲስክ እንደሚገባ በሥዕል ይታያል። ከማንኛውም ቪዲዮ በፊት ይኼን አውርዱ።

2. የማያዋጣው የትኛው ነው?

ሁሉም ላፕቶፕ አይታደስም። ዲስኩ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዓይነት ሆኖ 32 ጊጋ ብቻ የሚይዝ፣ ራሙም 4 ጊጋ ተበይዶ የቀረ ርካሽ ላፕቶፕ ከሆነ በውስጡ ብዙ የምትቀይሩት ነገር የለም። እንዲህ ያለውን ቀለል ያለ ሲስተም ጭናችሁ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ብቻ አቆዩት። ስክሪኑ ተሰንጥቆ፣ ማጠፊያው ተሰብሮ፣ ባትሪውም ሞቶ ከሆነ ደግሞ የዕቃዎቹ ዋጋ ተደምሮ ከላፕቶፑ ይበልጣል። ፕሮሰሰር መቀየርን እርሱት። በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ተበይዶ የሚመጣ ነው።

3. ባክአፕ

ፋይላችሁን ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ውጫዊ ዲስክ፣ ሌላው ክላውድ ቢሆን ጥሩ ነው። ሰው «ዶክመንትስ»ን ገልብጦ የሚረሳቸው ቦታዎች አሉ፦ ዴስክቶፑ ላይ የተዘረገፈው፣ «ዳውንሎድስ» ውስጥ ያለው፣ ቴሌግራም በራሱ ፎልደር ያስቀመጠው፣ የብሮውዘሩ ቡክማርክና ፓስወርድ። ከገለበጣችሁ በኋላ ጥቂቶቹን በሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ከፍታችሁ እዩ። ያልተከፈተ ባክአፕ እንደሌለ ቁጠሩት።

ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን አሁን አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ባዮስ (ከሲስተሙ በፊት የሚነሳው የላፕቶፑ መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ አንድ ነገር ስትነኩ ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ያኔ ቁልፉን መፈለግ ከባድ ነው። የዊንዶውስ ፈቃዱ ግን አያሳስባችሁ። ዲጂታል ፈቃድ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዲስክ ስትቀይሩ አብሮ አይጠፋም።

4. ትክክለኛውን ዕቃ መምረጥ

ኤስኤስዲ ሁለት ዋና መልክ አለው። አንደኛው 2.5 ኢንች የሚባለው ነው፤ ልክ የድሮው ሃርድ ዲስክ በነበረበት ቦታ ይገባል፣ ሳታ በሚባለው መስመርም በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል። ሁለተኛው ማስቲካ የመሰለው ቀጭን ካርድ ኤም.2 ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤም.2 ቅርጹ ነው እንጂ ፍጥነቱ አይደለም። ከኤም.2 ካርዶች አንዳንዱ በሳታ፣ አንዳንዱ ከሳታ በሚፈጥነው ኤንቪኤምኢ ይሠራል። ላፕቶፑ ሳታ ብቻ የሚቀበል ከሆነ የኤንቪኤምኢ ካርድ አይታየውም። የጥገና መመሪያውን ሳታዩ አትግዙ። ርዝመቱንም ተመልከቱ፤ በብዛት የሚገኘው 2280 ነው፣ ማለትም 22 ሚሊ ሜትር ስፋትና 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት።

በኔ እምነት ለድሮ ላፕቶፕ በጣም ፈጣኑን ኤስኤስዲ መግዛት አያስፈልግም። ከሃርድ ዲስክ ወደ ተራ የሳታ ኤስኤስዲ ስትሻገሩ የምታዩት ለውጥ ትልቅ ነው። ከዚያ ወደ ኤንቪኤምኢ ሲኬድ ግን በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። የተረፈውን ገንዘብ መጠኑ ላይ አውሉት። 256 ጊጋ ዝቅተኛው ነው፣ 500 ጊጋ ልብ ያሳርፋል።

ራም ስትገዙ ትውልዱ መግጠም አለበት። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 ቺፖቻቸው ቢመሳሰሉም ጠርዛቸው ላይ ያለው ቁርጥ የተለያየ ቦታ ነው፣ አንዱ በሌላው ሶኬት አይገባም። ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል ግን ቅርጻቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው ቮልቴጁ ነው፣ 1.5 እና 1.35። በ1.35 ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ላይ ተራውን ዲዲአር3 ብትሰኩ ላይነሳ ይችላል። የድሮውን ራም ነቅላችሁ ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሱና ፎቶውን ይዛችሁ ግዙ። መጠኑ ደግሞ 8 ጊጋ ለተለመደ ሥራ ይበቃል፤ ብዙ ታብ ለሚከፍት ወይም ፎቶና ቪዲዮ ለሚያቀናብር 16 ጊጋ። ሁለት እኩል ካርድ መሰካት ከአንድ ትልቅ ካርድ ይሻላል፣ ፕሮሰሰሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ስለሚያነባቸው። በተለይ የግራፊክስ ካርድ ለብቻው የሌለው ላፕቶፕ ላይ ይታወቃል።

5. መክፈት

ሰፊ ጠረጴዛ፣ ጥሩ ብርሃን፣ ልኩ የሆነ ካቻቢቴና ቀጭን ፕላስቲክ ያስፈልጋችኋል። ካቻቢቴው ላይ አትቆጥቡ። ጫፉ ያለቀ ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ይበላዋል፣ የተበላ ብሎን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያቆያችኋል።

ላፕቶፑን «ሻት ዳውን» አድርጉ። «ስሊፕ» አይበቃም። ቻርጀሩን ንቀሉ። ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ አውጡት። እጃችሁን ቀለም ያልተቀባ ብረት ነክታችሁ ጀምሩ፣ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ቺፕ እንዳያቃጥል። ምንጣፍ ላይ ሆናችሁ አትሥሩ።

ብሎኖቹን ስትፈቱ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ንድፍ ሳሉና እያንዳንዱን ብሎን በነበረበት ቦታ አስቀምጡ። ርዝመታቸው ይለያያል። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ አጥብቃችሁ ብታስገቡ ማዘርቦርዱን ወይም ኪቦርዱን ይወጋል። ከጎማ እግሮቹ ስር የተደበቀ ብሎንም አለ፤ ክዳኑ አንድ ጥግ ላይ እምቢ ካለ መጎተት አቁሙና ያልተፈታ ብሎን ፈልጉ። ሁሉም ከወጣ በኋላ ፕላስቲኩን በክዳኑ ጠርዝ አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ ዙሩ። ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። መያዣዎቹ እየተላቀቁ ነው እንጂ አልተሰበሩም።

ክዳኑ እንደተነሳ ከምንም ነገር በፊት ባትሪውን ከማዘርቦርዱ አላቁ። መሰኪያውን ራሱን ያዙ፣ ሽቦዎቹን አትሳቡ። ከዚያ የማስነሻ ቁልፉን ለአሥር ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙት፣ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ። ጠፍጣፋ ሪበን ኬብል ካጋጠማችሁ በጭራሽ አትጎትቱት። ጫፉ ላይ ጥቁር ወይም ነጭ ትንሽ ክዳን አለች። እሷን በጥፍር ስታነሷት ኬብሉ ያለ ምንም ጉልበት ይወጣል።

ሃርድ ዲስኩን ስታወጡ በብረት ፍሬም ውስጥ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ፍሬሙን ፈታችሁ ለአዲሱ ኤስኤስዲ አድርጉት፣ ከዚያ መሰኪያውን አስተካክላችሁ ወደ ጎን ግፉ። ኤም.2 ከሆነ በሰያፍ ይገባል፣ ጫፉን ወደታች ተጭናችሁ በአንዲት ትንሽ ብሎን ታስራላችሁ።

ራምም እንደዚሁ ነው። ግራና ቀኝ ያሉትን የብረት መያዣዎች ወደ ውጭ ስትከፍቱ ካርዱ በራሱ ቀና ይላል። አዲሱን ቁርጡን ከሶኬቱ ጋር አስተካክላችሁ በ30 ዲግሪ ሰያፍ አስገቡ። የወርቅ ቀለም ያለው ጠርዝ ከሞላ ጎደል ካልተሸፈነ አልገባም። ከዚያ መያዣዎቹ እስኪነክሱት ድረስ ወደ ታች ተጫኑት።

6. አቧራና ተርማል ፔስት

አንዴ ከተከፈተ ሳያጸዱ መዝጋት ያሳዝናል። አቧራው የሚደበቀው በፋኑና ሙቀት በሚያስወጡት የመዳብ ክንፎች መካከል ነው። እዚያ ጋ ግራጫ ወፍራም ንጣፍ ሠርቶ መንገዱን ይዘጋል። ከውጭ በአየር ብትነፉት አይወጣም። ፋኑን ፈታችሁ ስታነሱት ግን እንዳለ ተላቆ ይመጣል። የቀረውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። አየር ስትነፉ ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፣ ከልክ በላይ ከተሽከረከረ ይበላሻል።

ላፕቶፑ ብዙ ዓመት ከሠራ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማስወገጃው ብረት የሚያሻግረው ቅባት፣ ተርማል ፔስት፣ ደርቋል። የሙቀት ማስወገጃውን ብረት ስትፈቱ ብሎኖቹ አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር አለ። ስትገጥሙ በቁጥሩ ተራ፣ ስትፈቱ በተቃራኒው ሂዱ። ደረቁን ፔስት ቢያንስ 90 ፐርሰንት በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በደንብ ጥረጉ። አዲሱን ትንሽ ጠብታ መሃል ላይ አድርጉ፣ ብረቱ ራሱ ያሰራጨዋል። ሌሎች ቺፖች ላይ የተለጠፉ ለስላሳ ፓዶች ካሉ አትጣሏቸው፣ እዚያው መመለስ አለባቸው። ፔስት ቦታቸውን አይሸፍንም።

ባትሪውን ሰክታችሁ፣ ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ሳታስሩ አስነሱት። ራም ከተቀየረ መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ ለጥቂት ጊዜ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል፣ አትደንግጡ። ካልነሳ አጥፍታችሁ ባትሪውን እንደገና አላቁና ራሙን ነቅላችሁ ሰኩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ሞክሩ። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ አዲሱ ራምና ዲስክ መታየታቸውን አረጋግጡ። የሳታው አሠራርም «ኤኤችሲአይ» ላይ ይሁን።

7. የትኛው ሲስተም?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ለተመዘገቡ ግለሰቦች የሰጠው ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያ እስከ ኦክቶበር 2026 ነው። ስለዚህ አሁን አዲስ ዲስክ ላይ ዊንዶውስ 10 መጫን ለአጭር ጊዜ ነው።

ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ)፣ ሴኪዩር ቡት (ሲስተሙ ሲነሳ የሚያጣራ ጥበቃ)፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ዲስክና በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ለኢንቴል ይህ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ነው። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ፦ አይ5-6200 ስድስተኛ ትውልድ ነው፣ አይ5-8250 ስምንተኛ። ቲፒኤም ኖሮ ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ የሚገኝበት ጊዜም ብዙ ነው፣ «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት እዚያ ፈልጉ። መስፈርቱን ዘሎ መጫን ይቻላል፣ ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለ ማሽን ማሻሻያ እንደሚልክ ዋስትና አይሰጥም። የባንክ ሥራ የሚሠራበትን ላፕቶፕ እንደዚህ ባታደርጉት ይሻላል።

ለ6ኛና 7ኛ ትውልድ፣ ከዚያም በታች ላሉት፣ የኔ ምርጫ ሊኑክስ ሚንት ነው። ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው። 2 ጊጋ ራም ላይ ይነሳል፣ 4 ጊጋ ደግሞ ምቹ ነው። ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዓይነቱ ለደካማ ማሽን የተመቸ ነው። መልኩ ከዊንዶውስ ብዙም ስለማይርቅ ለመልመድ አያስቸግርም። ሳትጭኑት ከፍላሽ ላይ አስነስታችሁ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ካሜራው መሥራታቸውን ማየት ትችላላችሁ። ማይክሮሶፍት ኦፊስና አዶቤ ፎቶሾፕ ግን በቀጥታ አይጫኑበትም። ሥራችሁ እነሱ ላይ ከሆነ ይኼን አስቀድማችሁ አስቡበት።

ለመጫን ቢያንስ 8 ጊጋ የሆነ ባዶ ፍላሽ ውሰዱ። የሲስተሙን ፋይል ከባለቤቱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱና ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጻፉት፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ላፕቶፑ ሲነሳ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ የሚያስመርጠውን የቡት ሜኑ ቁልፍ ተጫኑ፦ ዴልና ሌኖቮ ላይ በብዛት ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ አሱስ ላይ ኢስኬፕ። ፍላሹን ምረጡና የሚጠይቃችሁን እያነበባችሁ ቀጥሉ። የትኛውን ዲስክ እንደምታጸዱ ሲጠይቅ መጠኑን ደግማችሁ አንብቡ።

የድሮውን ሲስተም እንዳለ ወደ አዲሱ ዲስክ መገልበጥም ይቻላል። ክሎንዚላ በነፃ ይሠራዋል። እኔ ግን ከባዶ መጫንን እመርጣለሁ። የዓመታት ትርፍራፊ ሶፍትዌር ይዛችሁ ወደ አዲስ ዲስክ ብትሻገሩ የችግሩን ግማሽ ይዛችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ግልበጣ (ክሎን) የምመክረው እንደገና ለመጫን የማይገኝ የሥራ ፕሮግራም ላለው ሰው ብቻ ነው።

8. ከተጫነ በኋላ

መጀመሪያ ማሻሻያዎቹን ሁሉ ጨርሱ፣ ድራይቨር (ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኝ ሶፍትዌር) የጎደለ ካለ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ውሰዱ። «ድራይቨር አፕዴተር»፣ «ፒሲ ክሊነር»፣ «ራም ቡስተር» የሚሉ ፕሮግራሞችን አትጫኑ። ያጸዳችሁትን መልሰው የሚያቆሽሹት እነሱ ናቸው። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለውን ከፍታችሁ ሲስተሙ ሲነሳ አብሮ የሚነሳውን የማያስፈልግ ሁሉ ዝጉ። ኤስኤስዲን ዲፍራግ (የተበታተነ ፋይልን መሰብሰብ) አታድርጉት፣ ዊንዶውስ ራሱ በሚያስፈልገው መንገድ ይንከባከበዋል። ከዲስኩ 15 ፐርሰንት ያህል ባዶ ተዉ። ራም ከቀየራችሁ ደግሞ ሜምቴስት86 ፕላስን ከፍላሽ አስነስታችሁ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ይፈትሽ። አንድም ስህተት ካሳየ ራሙን መልሱ።

ባትሪው ብቻውን የሚቆይበት ጊዜ ካጠረ እንደ ምቾታችሁ ትቀይሩታላችሁ። ታችፓዱ ወደ ላይ ከተነፋ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ባትሪው አብጧል። ቻርጅ ማድረግ አቁሙ፣ አትጫኑት፣ አትውጉት፣ በጥንቃቄ አውጥታችሁ ባትሪ ለሚሰበስብ አካል ስጡ።

የወጣውን ሃርድ ዲስክ ቶሎ አታጥፉት። ከአንድ ወር በኋላ የጎደላችሁ ፋይል ትዝ ሊላችሁ ይችላል። ምርመራው ላይ «ጉድ» ካለ ከዚያ ወዲያ ባለ 2.5 ኢንች የዩኤስቢ ቤት ውስጥ አስገቡትና የባክአፕ ዲስክ አድርጉት። ለሌላ ሰው የምትሰጡት ከሆነ ተራ ዲሊት አይበቃም፤ ሙሉውን ዲስክ በላዩ ላይ ጽፎ የሚያጠፋ ፎርማት ተጠቀሙ፣ ዊንዶውስ ላይ «ክዊክ ፎርማት» የሚለውን ምልክት በማንሳት ይጀመራል።